ከየደጁ የተለመነች ድሪቶ

መቼ እንደሆነ በልኩ አላስታውስም። ሰው ሲጠይቀኝ አንዴ ባለቤቴ ባረፈች በሁለተኛው ክረምት እላለሁ፣ አንዴ ደግሞ በሦስተኛው። መንገድ ይዘጋ ይከፈት የነበረበት ሰሞን እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ስልኩም ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ድምፁን ያጠፋል። ቀኑ ነው የጠፋኝ እንጂ ሌላው ሁሉ አሁንም ዓይኔ ላይ ነው።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት እስክደግም ተቀምጬ ከዚያ ወዲያ ያስተማረኝ መርፌ ነው። ቢቸና ገበያው ዳር ካለች በረንዳ ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ፣ የስንቱን ሱሪ አሳጥሬ፣ የስንቱን ተማሪ ዩኒፎርም ሰፍቼ አረጀሁ። ከመቀሱ የተረፈውን ቁርጥራጭ ወደ ቤት ስገባ ለባለቤቴ አመጣላታለሁ። እሷም ድሪቶ ትሠራበታለች። ካኪው ከአቡጀዲው፣ ተትረኑ ከሹራቡ ይቀጣጠልና በመሀሉ አሮጌ ጋቢ ይገባበታል፤ ከዚያ ከዳር እስከ ዳር በመርፌ ይሰፋል፤ ብርድ የማያልፈው ልብስ ይወጣዋል። ዳር የደረሰው ግን ጥቂት ነበር። አንዱን ትጀምርና ሌላውን ታነሳለች።

“ሥራሽ ሁሉ ጅምር ነው” ስላት፣

“የጨረሰማ ምን ቀረው? ጅምር ያለው ሰው አይሞትም” ትለኝ ነበር።

ጅምሯን ሁሉ ትታ ሞተች።

ሳጥኗን ብዙ ጊዜ አልነካሁትም። የከፈትሁት ሞጣ ያለችው ልጃችን እንደገና ማርገዟን በሰማሁ ጊዜ ነው። ያለችን ልጅ እሷ ብቻ ናት። ሞጣ ተድራ ሁለት ልጅ ወልዳ፣ ሁለቱንም ክርስትና ሳይነሱ ቀብራለች። ይሄ ሦስተኛዋ ነበር።

በኛ በኩል በሴቶቹ ዘንድ አንድ ወግ አለ። ልጅ የማይበረክትላት ሴት ስትወልድ፣ ሕፃኑን አዲስ ልብስ አይነካውም። ልጅ ቀብረው ከማያውቁ እናቶች ደጅ እራፊ ይለመንና ክንድ የማትሞላ ድሪቶ ትሰፋለታለች። መለመን አለበት። ገዝቶ አይሆንም፤ ከቤት አውጥቶም አይሆንም። ሕፃኑ ያቺን ለብሶ ሲታይ ሞት “ይሄማ የለማኝ ልጅ ነው” ብሎ ንቆት ያልፋል ይላሉ። ቄሶቹ ይህን አይወዱም። ባለቤቴም ቆራቢ ነበረች። ነገር ግን የልጅ ነገር ሆነባትና፣ ሁለተኛው ሕፃን በሞተ ጊዜ፣ ለሚመጣው ይሁን ብላ ከየደጁ ለምና ጀምራ ነበር። ያቺ ጅምር ከሳጥኑ ሥር በነጭ ጨርቅ ተጠቅልላ አገኘኋት። ግማሽ ደርሳለች። መርፌው እንደተሰካባት ዝጎ ነበር።

እጨርሳታለሁ አልሁ። እኔ የማውቀው የትልቅ ሰው ኮትና ሱሪ ነው፤ ይቺ ግን እራፊዎቿ የአውራ ጣት ያህል ናቸው፤ ዓይኔም ደክሟል። በረንዳዬ ላይ ብርሃን ወዳለበት ዞሬ ተቀመጥሁና ባለቤቴ ያያያዘችውን ፈትቼ አስተካከልሁት። ቀዩን ከቀዩ አራራቅሁ፣ ጥጉን ከጥጉ አገጣጠምሁ፣ ዙሪያውን በቀይ ክር ዘመዘምሁት። እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም ብዬ ለራሴ ደስ አለኝ።

ከግድግዳዬ ማዶ ጥጥ እየፈተለች የምትኖር መበለት አለች። ከባለቤቴ ጋር እህትማማች ነበሩ ማለት ይቻላል። አፏ ምላጭ ነው። ያን ቀን እንዝርቷን እንደያዘች መጣችና ጉልበቴ ላይ ያለውን አየች።

“ምንድን ነው ይሄ ጋሼ?”

“ድሪቶዋ ናት። ለሞጣዋ።”

“ይሄ ድሪቶ ነው? ይሄማ የሙሽራ ትራስ ነው!”

“ምን አጠፋሁ?”

“አሳመሯታ! ሞት ከሩቅ አይቶ ‘ይቺ ደግሞ የማን ቆንጆ ናት’ ብሎ ይመጣል እኮ። ለመኳንንት ካባ የሚሰፉ መሰለዎት? ይፍቱ፣ ይፍቱና እንደገና ይስፉ። አጣመው!”

ፈታሁ። አጣምሜ ልሰፋ ሞከርሁ። ዕድሜ ልኩን ቀጥ ብሎ የሰፋ እጅ ግን ጠማማውን እምቢ አለኝ። ሳላውቀው ይቃናል። እሷ ቆማ አየችኝና ሳቋን አልቻለችም።

“አምጧት ወዲህ። ድህነት እንኳ በልምድ ነው።”

ተቀበለችኝና አጠገቤ ተቀምጣ ትሰፋ ጀመር። ስፌቷ የዶሮ ዱካ ይመስላል። አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ ወደ ላይ። “ይኸውልዎ” ትላለች በየመሀሉ፣ “አሁን ሞት ቢያያትም አፍንጫውን ይዞ ያልፋል።” እኔም እስቃለሁ። ከባለቤቴ ሞት ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ወዲያው እጇ ቆመ። አንዲት አረንጓዴ እራፊ ላይ ጣቷን አሳረፈች።

“ይቺ የኔ ናት” አለችኝ።

የሷ መሆኗን አላወቅሁም ነበር። ባለቤቴ ስትለምን የማን የትኛው እንደሆነ አልነገረችኝም። ጎረቤቴ አንድ ወንድ ልጅ ነበራት። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት አንድ ጧት ከቤት እንደወጣ ሬሳው በቃሬዛ መጣ። ማን እንዳደረገው አልጠየቅንም። በዚያ ሰሞን እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም ነበር።

“ባለቤትዎ ደጄ ቆማ ስትለምነኝ እሱ ከኋላዬ ነበረ” አለች። “‘የኔን ሸሚዝ ስጫት፣ እጅጌው ተቀዷል’ አለኝ። ከሱ ሸሚዝ ነው የቀደድሁላት። ያን ጊዜ ልጅ ያልቀበርሁ ነበርሁ። ምላጭ ይስጡኝ።”

“ተይ፣ አንፈታትም።”

“ትፈታለች።”

“ልጅሽን አሳድገሽ፣ ለአቅመ አዳም አድርሰሽ የቀበርሽ ሴት ነሽ። የሱ ሸሚዝ ምን ነውር አለው?”

“ጋሼ፣ ነውር አላልሁም። እኔ ልጅ የቀበርሁ ሴት ነኝ። በልጅዎ ላይ እንዳይሆንብኝ ነው። ምላጩን ይስጡኝ።”

ሰጠኋት። አንድ አንዱን ክር እየበጠሰች ፈታቻት፤ ጨርቁ እንዳይቀደድ ተጠንቅቃ። ከዚያ እጥፍጥፍ አድርጋ ደረቷ ውስጥ ከተተቻት። ዓይኗ ላይ እንባ አላየሁም። ወዲያው ደግሞ፣

“የሌሎቹስ?” አለች።

ተያየን። እራፊዎቹ ሳጥን ውስጥ በተቀመጡበት ጊዜ ሀገሩ ሁሉ ቀብሮ ነበር። ባለቤቴ የለመነችበትን ደጅ እሷ ታውቅ ኖሮ እየጠቆመች ነገረችኝ። “ይሄ ሰማያዊ የዚያችኛዋ ነው፤ ልጇ በበሽታ ሄደ። ይሄ ቡኒ የወዲያኛዋ ነው፤ የሷም እንደኔው ነው።” እየፈታን እየፈታን ድሪቶዋ ወንፊት ሆነች።

ስለዚህ ለልመና ወጣሁ። እሷ መለመን አትችልም፤ ልጅ የቀበረ እጅ አይለምንም አለችኝ። አብራኝ ግን ሄደች፣ ከኋላ ከኋላ። ልብስ ሰፊ እራፊ ሲለምን ማን አይቶ ያውቃል? ገበያተኞቹ ሴቶች ተሳሳቁብኝ።

“ጋሼ፣ ከበረንዳዎ ቁርጥራጭ እየዘገንን የኖርነው እኛ ነን! ዛሬ ምን መጣ? ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!”

“ለልጄ ነው” ስላቸው ግን ሳቁ ጠፋ። ሁሉም ገባቸው። አንዷ፣ ደንበኛዬ የነበረች፣ ደጇ ስደርስ አፌን ሳልከፍት “እኔ ጋ የለም ጋሼ” ብላ መዝጊያውን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። ክፋት አልነበረም። ሌላዋም እንደዚያው። በዚያ ሰፈር ልጅ ያልቀበረች እናት መፈለግ እንዲህ ከባድ ይሆናል ብዬ አላሰብሁም ነበር።

በመጨረሻ ከወሎ ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ሚስት ደጅ ቆምን። ልጆቿ ግቢው ውስጥ ይጯጯሃሉ።

“እስላም እኮ ነኝ አባባ። ይሆናል?” አለችኝ።

ጎረቤቴ ከኋላዬ መለሰችላት። “ሞት ሃይማኖት ሲጠይቅ ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ልጆችሽ ሁሉም አሉ?”

“አልሐምዱሊላህ፣ አሉ።”

“እንግዲያ ስጪው።”

ሴትዮዋ የሻሿን ጫፍ በጥርሷ ይዛ ቀደደችልኝ። ብዙ ነበር የሰጠችኝ። ቀዳዳው ሁሉ በሷ ሻሽ ተደፈነ ማለት ይቻላል።

ልጄ መውለዷን የሰማሁት ስልኩ በመጣበት አንድ ቀን ነው። አማቼ ነበር የደወለው። “ሴት ናት። ቀኗ ሳይደርስ ነው የመጣችው፤ ትንሽ ናት” አለኝና መስመሩ ተቆረጠ። መንገዱም ተከፍቷል ሲባል ተነሳሁ። ጎረቤቴን እንሂድ ብላት፣ “አራስ ቤት አልገባም፤ ይሂዱ” አለችኝ።

ጉንደ ወይን ስንደርስ የኬላ ፈታሾች መኪናችንን አቁመው አስወረዱን። ዕቃ ይፈተሽ ጀመር። ፈታሹ ልጅ እግር ነው። ጋቢዬ ሥር ያለውን አስፈታኝ።

“ምንድን ናት ይቺ አባት?”

“ድሪቶ ናት።”

“ለድመት ነው?” አለና ጓደኞቹን አሳቃቸው። አንዱ ግን አልሳቀም። “ተው፣ የሕፃን ናት” ብሎ ነጥቆ ራሱ ጠቅልሎ ሰጠኝ። የሱ ቤት ምን እንደነበረ እንጃ። ፊቱ ግን ሲጠቁር አይቻለሁ።

ሞጣ ስገባ ልጄ ሕፃኗን ደረቷ ላይ ከልብሷ ውስጥ አድርጋ ተቀምጣ ነበር፤ እንዲሞቃት እንደዚያ አድርጊ ብለዋት ነው። የሕፃኗ ጭንቅላት የሎሚ ያህል ነው። ድሪቶዋን ጣል አደረግሁባት። ልጄ አገላብጣ አየቻት።

“አባባ፣ ይቺ የእማማ እጅ አይደለችም። የእርስዎም አይደለችም።”

“የጎረቤታችን ናት።”

“ስታስጠላ!” ብላ ሳቀች። እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። ያን ሳቅ እንዳየሁ ትኖራለች ብዬ አመንሁ። ወግ ነው፣ ከንቱ ነው የሚለውን ሁሉ ትቼ አመንሁ።

ከዚያ ሳልመለስ ሰነበትሁ። ሕፃኗ ትጠባለች፣ ትተኛለች፤ ድሪቶዋ ከላይዋ አትወርድም። ሰው ሲመጣ ልጄ “አትዩብኝ፣ የለማኝ ልጅ ናት” ትላለች፤ እንደ ቀልድ፣ ግን ቀልድ አልነበረም። መንገዱ እንደገና ተዘጋ። ሕፃኗን ሳል ያዛት። ጤና ጣቢያ ወሰድናት፤ የሚሰጣት መድኃኒት አልቋል፣ መኪና ሲገባ ይመጣል አሉን። እነሱም አዝነው ነው የነገሩን። መኪናው አልገባም። ጎድኗ ሲገባ ሲወጣ ከሩቅ ይታይ ነበር። አንድ ጧት ልጄ “አባባ፣ ይያዙልኝ እስቲ” ብላ ሰጠችኝ። ስቀበላት አልነበረችም።

ክርስትና ስላልተነሳች ፍትሐት አልነበረም። ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጪ አማቼ ቆፈረ፣ እኔ ይዤያት ቆምሁ። ጉድጓዱ የሚበቃት ለመሆኑ ሁለት ጊዜ መለካት አላስፈለገም። ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ ድሪቶዋን አጣጥፋ ጠበቀችኝ።

“ይውሰዷት” አለችኝ። “ከእንግዲህ ለኔ አይስፉልኝ።”

ተቀብዬ ጋቢዬ ሥር ከተትኋት።

ቢቸና ስገባ በቀጥታ ወደ ጎረቤቴ ደጅ ነው የሄድሁት። አይታኝ ገባት። መቀመጫ አላቀረበችልኝም፤ መሬት ላይ ተቀመጠች፣ እኔም ተቀመጥሁ። እንዝርቷን ወደ ጎን አድርጋ፣

“አረንጓዴዋ አልነበረችባትም፣ አይደል?” አለችኝ።

“አልነበረችም። አንቺው ፈታሻት።”

“እንኳን ፈታኋት። ባልፈታት ኖሮ ዛሬ ዓይንዎን አላየውም ነበር።” ከዚያ ራሷን ነቀነቀች። “ታዲያ ብፈታትስ ምን አመጣሁ? ጋሼ፣ ሞት ልብስ አያይም። ልብስ የምናየው እኛ ነን።”

ከዚያ ወዲያ መርፌ አላነሳም አልሁ። በረንዳዬን ትቼ ቤቴ ተቀመጥሁ። ሰው “ሱሪ አሳጥርልኝ” ሲለኝ ዓይኔ ደከመ እላለሁ። እህል አይወርድልኝም ነበር። እንደዚያ ሆኜ የምሰነብት አልመሰለኝም።

ጎረቤቴ ግን ከቀትር በኋላ እየመጣች የባለቤቴን ሳጥን ራሷ ትከፍተዋለች። የትልቅ ሰው ድሪቶ ጅምሮች ነበሩ፤ አንዱ ጫፍ የቀረው፣ አንዱ ገና መሀሉ። ጉልበቴ ላይ ትጥልብኛለች።

“እጅዎን ያውጡ። ትምህርት ቤቱ ግቢ ከቀያቸው የተነሱ ሰዎች ሲሚንቶ ላይ ይተኛሉ። እነሱ ስለ እርስዎ ሐዘን ምን አገባቸው? ብርድ ላይ ናቸው።”

“ተዪኝ እስቲ።”

“አልተውዎትም። እኔንስ ማን ተወኝ? ልጄ የሞተ ሰሞን ባለቤትዎ ብትኖር ትተወኝ ነበር?”

እያጉረመረምሁ ክር አስገባሁ። ዓይኔ መርፌውን ሲስተው እሷ ታስገባልኛለች። እኔ በአንድ ጫፍ ቀጥ አድርጌ፣ እሷ በሌላው ጫፍ የዶሮ ዱካዋን እየጣለች፣ ሳንነጋገር እናመሻለን። አንዱ ሲያልቅ ተሸክማው ትሄዳለች፤ ለማን እንደሰጠችው አልጠይቃትም። በማግስቱ ሌላውን ታወጣለች። ጅምሩ ሁሉ ካለቀ በኋላም መምጣቷን አልተወችም።

ልጄ ኔትወርክ ሲኖር ትደውላለች። ስለ ጤና፣ ስለ ዝናብ እናወራለን። ስለ ልጅ አናወራም። እኔም ያለሁት እንዲህ ነው፤ ደህና ነኝ አልልም፣ ግን በረንዳዬ ላይ ተመልሼ ተቀምጫለሁ። ያን ጊዜ ማን አሻገረህ የሚለኝ ሰው ካለ መልሴ አጭር ነው። ከግድግዳዬ ማዶ ያለችው፣ አንድ ልጇን ቀብራ የኔን እጅ ከሞት ያወጣችው፣ ጥጥ ፈታይዋ ጎረቤቴ ናት።