የአዴ ሙሚና ጽድ

ሰሞኑን ጎረቤቴ የአሮጌ ቤቱን ምሰሶ ለአናጢ ሰጥቶ ሲያስልግ፣ የጽድ ሽታ በመስኮቴ ገብቶ ሥራ አስፈታኝ። ለሌላው ሰው ያ የሣጥን ሽታ ነው፤ እኔን ግን ከአሰላ ወደ ጭላሎ በሚያወጣው መንገድ ዳር ቆሞ ወደነበረው ትልቁ ጽድ ይወስደኛል፣ በሄድኩ ቁጥርም ልቤ ይሰበራል።

ጧት ጧት ጭጋጉ ከተራራው ሲወርድ ግንዱ ብቻ ይታያል፣ ጫፉ የለም፤ ልጅ ሆኜ ሰማይን ደግፎ የያዘው እሱ ይመስለኝ ነበር። ሥሩ የደረሰ ሰው አይናገርም። ከቡታጅራ መጥቶ አሰላ ሱቅ የከፈተው፣ ባንኮኒው ላይ ቀኑን ሙሉ አፉ የማያርፈው አባቴ እንኳ እዚያ ሲደርስ ጸጥ ይላል፤ እናቴ «ምነው ከደጃችን አንድ ቢበቅልልኝ» እያለች ታሾፍበት ነበር። ዝናብ ሲጠፋ የአገሩ ሴቶች እርጥብ ሣር ይዘው እያዜሙ ወደ ጽዱ ይወጣሉ፤ ከፊት የሚመሩት፣ አገሩ ሁሉ «አዴ»፣ እናት፣ የሚላቸው ጎረቤታችን አዴ ሙሚና ነበሩ። ቀሚሳቸውን ይዤ ተከትዬ፣ አንገቴ እስኪያመኝ ሽቅብ ሳይ፣ ፍርሃትና ደስታ አንድ ላይ መጥተው እንባዬን ያመጡት ነበር።

አንድ የበጋ ጧት ጽዱን የሚቆርጡ የመጋዝ ሠራተኞች መጡ ተባለ። አዴ ሙሚና ሲንቄያቸውን አነሱ። ሲንቄ የአርሲ እናት ለልጇ በሰርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት፤ ሴቶች እሷን ይዘው ከቆሙ፣ ጦር የሰበቀ ወንድ እንኳ አልፏቸው አይሄድም። ሌሎቹም ሴቶች የየራሳቸውን ይዘው ከእሳቸው ጋር ግንዱን ከበው ቆሙ። ሠራተኞቹ ግን ከሩቅ አገር የመጡ ነበሩና ሲንቄዋ ምርኩዝ መሰለቻቸው። አለቃቸው ክፉ ሰው አልነበረም። «እማማ፣ ሲወድቅ እንዳይጎዳዎት፤ እስቲ ወዲያ ፈቀቅ ብለው ይቀመጡ» ብሎ የአዴ ሙሚናን ክንድ ደግፎ ወሰዳቸው፣ ሌሎቹም ተከተሉ፤ ከእጃቸው የወደቀችውንም ሲንቄ አንስቶ፣ አፈሯን አራግፎ መለሰላቸው። ቢሰድባቸው ይሻል ነበር።

ጽዱ ሲወድቅ መሬቱ ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ። የባሰው ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ብርሃን ነው፤ ዓይን የሚወጋ ባዶ ሰማይ። አዴ ሙሚና አላለቀሱም። አጠገቤ ወደቆመው አባቴ ዞረው «አልፈሩም እኮ» ብቻ አሉት።

በዓመቱ ልጃቸው ፋጡማ ተዳረች። ሙሽራዋ ተሸፋፍና፣ ዘመድ አዝማድ ደጁን ሞልቶ፣ ሲንቄዋን ለመቀበል እጇን ዘረጋች፤ እናቷ ግን ምንም አልያዙም። ሴቶቹ ለመኑ፣ ተቆጡ፣ አለቀሱ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አሏት አዴ ሙሚና፣ «ማንም የማይፈራውን እንጨት ይዘሽ ምን ልትሆኚ ነው?»

ፋጡማ እንዲሁ ወደ ባሏ ቤት ሄደች።

ዛፍማ መልሶ ይተከላል ይሉኛል። እኔም በተራዬ ልጆች ድሬያለሁ፤ ቀና ብለው አይተው ዝም የሚሉለት አንድ ነገር ግን አላወረስኳቸውም። ከቤቴ የወጡት ባዶ እጃቸውን ነው።