የሻንሲው ቀዳዳዎች

ጎረቤቶቻችን ባሌን «እግሩ» ይሉታል። አልተሳሳቱም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከአሮጌዋ የዳቦ መኪናችን ሥር ተጋድሞ ስለሚውል ከሰውነቱ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ሰው መጥቶ አለ ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እግሩ አለ፣ ጆሮው ግን እንጃ እላለሁ።

የኩሽናው በር ማጠፊያ ከወለቀ ዓመት ሊሞላው ነው። ስነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ። ሻንሲውን ግን፣ ያን ሞተሩንም እኛንም ተሸክሞ የሚሄደውን ረጅም ብረት፣ በሽቦ ብሩሽ ይፍቀዋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሰዋል፣ የዝገት መከላከያ ቀለም ይቀባዋል። ሸሚዞቹን ሳሽ እጄ ተላጠ። ስጨቀጭቀው ሌላው ቢበላሽ ይቀየራል፣ ሻንሲው ከሄደ ግን መኪናዋ ሄደች ይለኛል። እሱስ እውነቱን ነው። የምጋግረውን ዳቦ ለሱቆቹ የምታደርሰው እሷ ናት፤ እሷ ከቆመች ምድጃችንም ይቆማል።

አንድ ነገር ግን አንጀቴን አሳረረው። መኪናዋን ባጠባት ቁጥር ከሻንሲው ሥር ካሉት ቀዳዳዎች ቡናማ ውኃ ሲንጠባጠብ ይውልና የወለወልኩትን ግቢ ያጨቀየዋል። ድፈንልኝ አልኩት።

«ፋብሪካው ያለ ምክንያት አልበሳቸውም» አለ።

«ፋብሪካው ግቢ አይጠርግም» አልኩት።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ነገር በነገር አደረግኩበት። በመጨረሻ ስቱኮ ገዝቶ አንድ በአንድ ደፈናቸው። ግቢዬ ደረቀ፤ እኔም አፌን ያዝኩ።

አምና መኪናዋ ዓመታዊውን ምርመራ አለፈች። ዘንድሮ አብሬው ሄድኩ። መርማሪው ሻንሲውን በመዶሻ ቢመታው የሚያብለጨልጨው ቀለም እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰነጠቀና መዶሻው ወደ ውስጥ ገባ። የገማ ውኃ ጫማው ላይ ፈሰሰ። ብረቱ ውስጡ ባዶ ነው፣ ውኃ ከላይ በየመገጣጠሚያው መግባቱ አይቀርም፣ እነዚያ ቀዳዳዎች መውጫው ነበሩ ብሎ አስረዳን። መውጫ ሲያጣ ከውስጥ በልቶታል፤ ብየዳም አይዘውም፣ ከእንግዲህ መንገድ ላይ አትወጣም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ ማን እንደደፈናቸው ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አለ ባሌ። ወደ እኔ ዞር እንኳ አላለም።

ምነው እዚያው ሰው ፊት በጮኸብኝ አልኩ በሆዴ። ንዴቴ መያዣ አጣ፤ በእሱ እንዳልናደድ ጥፋቱ የኔ ነው።

በአውቶቡስ ስንመለስ አላስችል አለኝ። «ያስደፈንኩህ እኔ አይደለሁ? ለምን አልነገርከውም?»

«ለምን እንደተበሱ አውቅ ነበር እኮ» አለ በመስኮቱ እያየ። «ጭቅጭቁ እንዲበርድ ብዬ ነው የደፈንኳቸው። ሰንበት ብዬ ልከፍታቸው ነበር፤ ቤቱ ሰላም ሲሆን ግን ሳሳሁለት።»

ነገ ዳቦውን በምን ልናደርሰው ነው ልለው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።