ጦም ያደረው ማሳ

አባቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ አርሰው የኖሩ ሰው ናቸው። አሜሪካ፣ አውሮራ ከተማ ወዳለው አፓርትመንቴ ካመጣኋቸው በኋላ ግን ሥራቸው ሶፋ ላይ መቀመጥ ሆነ። እኔ ታክሲ እነዳለሁ። ጠዋት ስወጣ «አባባ፣ ይረፉ» እላቸዋለሁ፤ በየወሩም ኪሳቸው ውስጥ የሆነች ነገር ሸጎጥ አደርጋለሁ። ጎበዝ ልጅ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ለፋሲካ በግ ልንገዛ ከከተማው በስተምሥራቅ ወዳለ አንድ ገበሬ ወሰድኳቸው። ሽማግሌ ነው፣ ሐበሻ ለምዷል፤ የበጉን ወገብ እየዳበስን ስንከራከር አጥር ተደግፎ ይጠብቀናል። የአባቴ ዓይን ግን ከበጉ ይልቅ ከቤቱ ጀርባ ባለው ሰፊ መሬት ላይ ቀረ። ሣር ብቻ ነበር።

«ይህ ሰውዬ ምን ደርሶበት ነው?» አሉኝ ስንመለስ።

«ምንም አልደረሰበትም።»

«መሬቱ ጦም አድሮ? ወይ ታሟል፣ ወይ ሰው ሞቶበታል።»

የእኔ ሐሳብ ግን ኤርፖርት በሚጠብቀኝ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነበር። ከሁለት ቅዳሜ በኋላ ከቤት ስወጣ አባቴና ከቤተ ክርስቲያን የተዋወቋቸው ሁለት ሽማግሌዎች መኪናዬን ከበው ቆመዋል። ሦስቱም ዶማ ይዘዋል። ከየት እንዳመጡት እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ለዚያ ሰውዬ ደቦ ልንወጣለት ነው፤ ውሰደን» አሉ አባቴ።

«መጀመሪያ እንጠይቀው እንጂ።»

«የተቸገረ ሰው ይጠየቃል እንዴ? ሄደህ ትሠራለታለህ እንጂ።»

ፓርክ አድርጌ ሳልወርድ ቁፋሮ ጀመሩ። ገበሬው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እየሮጠ መጣ። የምሩን ደንግጧል። የነገረኝ ነገር አልዋጥልህ ብሎኝ ሁለቴ ጠየቅኩትና ተረጎምኩ።

«እንዳያርሰው መንግሥት ይከፍለዋል። መሬቱ ከተነካ ክፍያው ይቀርበታል።»

«እስቲ ደህና አድርገህ ጠይቀው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። እንግሊዝኛዬን ጠርጥረዋል።

ደህና አድርጌ ጠየቅኩት። ድሮ መሬቱ ሲታረስ ነፋስ አፈሩን ጠርጎ እየወሰደ አስቸገረ፤ አሁን ሣሩ ይይዘዋል አለኝ። አባቴ ይህን ሲሰሙ ተንበርክከው የገለበጡትን አፈር በእጃቸው መለሱ፣ የነቀሉትንም ሣር መልሰው ተከሉ። ሰውየው እሳቸውን ሲያይ ረጋ አለ። ከጎተራው ኋላ ከመንግሥት ጋር በተዋዋለው ውል ውስጥ ያልገባች ቁራሽ መሬት እንዳለች፣ ከፈለጉ እሷን መቆፈር እንደሚችሉ ነገረን።

ተረጎምኩና ከራሴ ጨመርኩበት፤ «ግን አባባ፣ ለምን ይደክማሉ? ይልቅ እንሂድ።»

አባቴ ዶማቸውን አንስተው መኪና ውስጥ ገቡ። ሀይዌይ ላይ ከወጣን በኋላ ነው የተናገሩት።

«አንተም እኔን እንደዚያ መሬት ነው ያደረግኸኝ። እየከፈልክ አስቀመጥኸኝ።»

የዶማቸውን አፈር በጣታቸው ጠረጉ።

«ለመሬቱስ ሣሩ አፈሩን ይይዝለታል። እኔን ምን ይያዘኝ?»

በሚቀጥለው መውጫ ወጥቼ መኪናዋን ወደ መጣንበት መለስኩ።

ሰውየው በረንዳው ላይ ብቻውን ተቀምጧል። አባቴ ዶማቸውን ይዘው ወረዱና ቀጥ ብለው ወደ ጎተራው ጀርባ ሄዱ። እሱም ሲያያቸው አንድም ነገር ሳይጠይቅ ተነሣ፣ ቤት ገብቶ የራሱን አካፋ ይዞ ወጣ።