ከመቁጠሪያው ውጭ የቀሩት

ባለፈው እሑድ እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ እኔ ዘንድ ምሳ በላችና ኮቷን ረስታ ሄደች። ኮቱን ላነሣው ስል መቁጠሪያዋ ከኪሱ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ። አርባ አንድ ጥቁር የእንጨት ፍሬ፣ ከጣት ንክኪ ብዛት የለሰለሰ። አንሥቼ ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። የወንዝ ጭቃ ሸተተኝ፤ እርጥብ ቅጠልና የዛገ ብረት። ከአሥር ዓመት በኋላ ሽታ አይቆይም ትሉኝ ይሆናል። እኔ ግን ሸተተኝ፣ ወጥ ቤቱ መሐል እንደቆምኩም ያ የለንደን በጋ ተመልሶ መጣ።

አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ሆሎዌይ በሚባል የለንደን ሰፈር፣ መስተዳድሩ በሰጠን ፍላት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ እኔና እናቴ ብቻችንን እንኖር ነበር። ስለ እንስሳት ካላጠናሁ ብዬ አገር ይያዝልኝ ያልኩበት ጊዜ ነው። እናቴ በበኩሏ የነርስ ልብስ አልብሳ በሐሳቧ ከዳረችኝ ቆይታለች። አንድ ቀን ላይብረሪው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ አንዲት ወረቀት አየሁ። ወደ ቴምዝ በምትገባ አንዲት ትንሽ ወንዝ ላይ የዓሣ ወጥመድ የሚከታተሉ በጎ ፈቃደኞች ይፈለጋሉ፤ ዕድሜው ከአሥራ ስምንት በታች የሆነ ከአዋቂ ጋር ይምጣ ይላል። ወረቀቷን ነቅዬ እየሮጥኩ ቤት ገባሁ።

«አንቺ ፎርሙን ሳይን ካደረግሽልኝ ይበቃል እኮ እማዬ» ብዬ ዋሸኋት።

«ልጄን ለወንዝ ሳይን አድርጌ የምሰጥ ይመስልሻል?» አለች። ቅዳሜ የዕረፍት ቀኗ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በሚገኝ ወጥ ቤት የአውሮፕላን ምግብ ትሪ ላይ ስትደረድር ትውልና ቅዳሜን በእንቅልፍ ትክሰው ነበር። ያን እንቅልፍ ነው ለእኔ ብላ የተወችው፤ ያኔ አልገባኝም።

ወጥመዱን የሚያስተባብሩት ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ጡረታ የወጡ እንግሊዛዊት የአውቶቡስ ሾፌር ነበሩ። እናቴ ገና በመጀመሪያው ቀን «እትዬ» አለቻቸው፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው፣ ከዚያ ወዲያ ሁላችንም በዚያው ጠራናቸው። የእትዬ ድምፅ ከሞተር ጋር ሲወዳደር የኖረ ድምፅ ነው። ግድቡ ዳር አቁመው አስረዱን። ኢል የሚባል እባብ የሚመስል ዓሣ አለ። ግልገሎቹ በየዓመቱ ከጸደይ እስከ መስከረም ከባሕር ወደ ወንዝ ይወጣሉ። ይሄ የሲሚንቶ ግድብ ግን ያግዳቸዋል። ከግድቡ ሥር ብሩሽ የተለጠፈበት ተዳፋት ሰሌዳ አለ፣ ውሃ በቀስታ ይወርድበታል፤ ግልገሎቹ በብሩሹ መሐል እየተሳቡ ወጥተው ሣጥን ውስጥ ይወድቃሉ። የእኛ ሥራ ሣጥኑን መክፈት፣ ትንሹን ከትልቁ መለየት፣ ቆጥሮ መመዝገብና ከግድቡ በላይ መልቀቅ ነው።

«መቶ» አሉ እትዬ። «የግድቡ ባለቤቶች እስከ መስከረም መጨረሻ መቶ ከመዘገባችሁ ዓሣዎቹ ግድቡን የሚሻገሩበት መሰላል እንሠራለን ብለዋል። ካልሞላ ወንዟ ሞታለች ብለው ፋይሉን ይዘጋሉ፣ ወጥመዱም ይነሣል።»

መቶ የሚለውን ቃል እንደዚያ ወድጄው አላውቅም።

እናቴ ግን አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ እጇን አጣጥፋ ነበር። ቅርፊት የሌለው ዓሣ እንኳን ሊበላ ሊታይም አይገባም ባይ ናት። «አንበላውም እኮ፣ እንለቀዋለን» አልኳት። «ካልበላችሁት ለምን ትይዙታላችሁ?» አለች። እትዬ ሊያጫውቷት ብለው ስንት ልጅ እንዳላት ጠየቋት። «አሉኝ» አለች እናቴ በእንግሊዝኛዋ፣ አሥር የወለደች ይመስል።

«አንድ እኔ ብቻ ነኝ እኮ፤ ለምን አትነግሪያቸውም?» አልኳት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ።

«ልጅ አይቆጠርም» አለችኝ። «ሙሉውን የተናገሩት ነገር ለዓይን ይጋለጣል።» እሷ ያደገችበት አገር ልጅና ከብት ጮክ ተብሎ አይቆጠርም። እኔ ሆሎዌይ ያደግሁ ነኝና ሳቅኩባት።

ሦስት ቅዳሜ ሣጥኑ ባዶ ነበር፤ ቅጠል፣ ቀንድ አውጣና የከረሜላ ወረቀት ብቻ። በአራተኛው ክዳኑን ሳነሣ ጥጉ ላይ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። ጠጋ ብዬ አየሁ። ከጣቴ አይረዝምም፣ ቀጭን፣ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ሁለት ጥቁር ነጥብ ዓይኖች ያሉት። ከዚያ ሌላ። ከዚያ ስድስት፣ ሰባት። «መጡ» ለማለት እንኳን ሁለቴ ሞከርኩ። እትዬ ጉልበታቸውን ረስተው በጭቃው ላይ ተንበረከኩ። ሣጥኑን ነጭ ትሪ ላይ ገለበጥነው፣ እኔም ስልኬን አውጥቼ ትሪውን ፎቶ አነሣሁ።

እናቴ ከወንበሯ ተነሥታ መጣች። «ከየት ነው የመጡት?» አለች።

«ከአትላንቲክ ማዶ። እናትየው እዚያ ወልዳ ትሞታለች። እነሱ ሁለት ሦስት ዓመት ብቻቸውን ተጉዘው ይመጣሉ።»

«ማን አመላከታቸው?»

«ማንም።»

ትሪውን አየችው። እሷም በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ብቻዋን የመጣች ናት፤ መንገዱን አንድም ቀን ተርካልኝ አታውቅም። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ እጇን ወንዙ ውስጥ ነከረች። «አልበላም አልኩ እንጂ አልነካም አላልኩም» አለችና ትሪው ላይ አጎነበሰች።

እንዴት ብዬ ላስረዳችሁ? ምስር ስትለቅም ያየ ሰው ብቻ ይገባዋል። ቅጠሉን በአንድ ጣት ገፋች፣ ቀንድ አውጣውን ወደ ጠርዝ፣ ትንንሾቹን ወደ ግራ ሳህን፣ ተለቅ ያሉትን ወደ ቀኝ። እኔና እትዬ ግማሽ ሰዓት ሊፈጅብን የሚችለውን በአምስት ደቂቃ ጨረሰችው፤ አንዷንም አላስጨነቀች። ከሁሉ አስቀድማ ግን አንዲቱን በመዳፏ ውሃ ይዛ ደረጃውን ወጣችና ከግድቡ በላይ ለቀቀቻት። «በይ ሂጂ» ስትላት ሰማሁ።

እትዬ ጮክ ብለው መቁጠር ሲጀምሩ ግን እናቴ እጅጌዬን ጎተተችኝ። «ዝም አሰኚያቸው።» ጉዳዩን አስረዳኋቸው። ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ አልሳቁም፤ «ታዲያ እንዴት እናድርግ?» ብለው ጠየቁ። እናቴ እጇን አደራርቃ ከኮቷ ኪስ መቁጠሪያዋን አወጣች። በአንዲት ግልገል አንድ ፍሬ፣ ያለ ድምፅ። አውራ ጣቷ የቆመበት ድረስ እኔ በዓይኔ እቆጥርና ወረቀቱ ላይ እጽፋለሁ። በዚህ ተስማማን፣ የዚያ ወንዝ መዝገብም በዚህ መንገድ ተጻፈ።

ያን በጋ ቅዳሜ እስኪደርስ ሳምንቱ ይረዝምብኝ ነበር። አንዳንዱ ቅዳሜ ባዶ፣ አንዳንዱ አምስት፣ አንዱ ዝናባማ ቀን ሃያ። ሐምሌ ላይ አሥራ ስምንት ሞላኝ። ከእንግዲህ አጃቢ አያስፈልገኝምና እናቴ ትተኛ ብዬ ጫማዬን በእጄ ይዤ በቀስታ ልወጣ ስል፣ ቦት ጫማዋን ተጫምታ በሩ ላይ ቆማለች። «አረፈድሽ» አለችኝ።

የመስከረም የመጨረሻ ቅዳሜ መጣ። ወረቀቱ ላይ ሰማንያ ስምንት ነበር። ዩኒቨርሲቲ ልሄድ ሳምንት ቀርቶኛል፤ ቀዝቃዛ ጠዋት፣ ውሃው ላይ ጭጋግ ተኝቶ። ሣጥኑን ትሪው ላይ ስገለብጥ አሥራ ሁለት እንዲሆኑ ከመመኘቴ የተነሣ እንደ ደንቡ ፎቶውን አንሥቼ ወዲያው በሆዴ ቆጠርኩ። ሰባት። ደግሜ ቆጠርኩ፣ ሰባት። እናቴ የመጀመሪያዋን ይዛ ወጣች፣ ለቀቀች፣ ተመለሰች፣ ለየች። ከዚያ መቁጠሪያዋን አሳየችኝ። አውራ ጣቷ ስድስተኛው ፍሬ ላይ ነው።

«ሰባት ነበሩ እኮ» አልኳት።

«አንዷን ለቅቄያታለሁ።»

«መልቀቁንስ ለቀቅሻት። ቆጥረሻታል ወይ?»

መቁጠሪያዋን ወደ ኪሷ መለሰች።

«ሁልጊዜ ነው እንዲህ የምታደርጊው?»

«ሁልጊዜ። ሙሉው አይቆጠርም አላልኩሽም?» አለች፣ ከዚያ ፊቴን አይታ ድምፅዋ ወረደ። «ምነው? አጠፋሁ?»

ለእትዬ በአንድ ትንፋሽ ነገርኳቸው። ወረቀቱ ዘጠና አራት ይላል፤ ግልገል በተገኘበት ቅዳሜ ሁሉ አንዲት ግን ሳትጻፍ አልፋለች። እትዬ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ያለ ማስረጃ መጨመር አልችልም» አሉ፤ ሲሉት አመማቸው። ያኔ ነው በእጄ የያዝኩት ስልክ ትዝ ያለኝ። ሣጥኑ በተገለበጠ ቁጥር፣ የእናቴ እጅ ሳይገባበት፣ ትሪውን ፎቶ አንሥቼዋለሁ።

ሦስታችንም አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተጠጋግተን ተቀመጥን። ባትሪው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። ግልገል የተገኘባቸው ቅዳሜዎች አሥር ናቸው፣ ፎቶውም አሥር። እያንዳንዱን አጉልቼ አንድ ጊዜ እኔ፣ አንድ ጊዜ እትዬ እንቆጥራለን፤ ካልተስማማን እንደገና። እናቴ መቀመጥ አልቻለችም፤ ጀርባዋን ሰጥታን ወደ ውሃው ቆመች። ሃያ ብለን በጻፍንበት ቀን ፎቶ ላይ ተጣላን፣ ሁለት ጊዜ ደገምነው፣ ሃያ አንድ ሆነ። ዘጠነኛው ፎቶ ላይ ዘጠና ሰባት ደረስን። አሥረኛው የዛሬው ነው፤ እሱን አስቀድሜ አውቀዋለሁ።

«መቶ አራት» አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም።

እትዬ ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ለጠፉት። እናቴ ዞር ብላ አላየችንም፤ እንደቆመች እልል አለች። በለንደን ወንዝ ዳር፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ። ውሻ ሲያንሸራሽር የነበረ ሰውዬ ከነውሻው ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ እያለቀስኩ እስቅ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ ያውቅ እንደሆነ እንጃ።

ፎቶዎቹን ተቀበሏቸው፤ መሰላሉ በሚቀጥለው ጸደይ ተሠራ። መሰላል ካለ ወጥመድ አያስፈልግምና ሣጥኑ ተነሣ። እኔ ያን ጊዜ ሌላ ከተማ ነበርኩ። አንድ ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ከወንዙ ዳር ደወለችልኝ። ብቻዋን ሄዳለች።

«ምንም አይታይም። ውሃ ብቻ ነው» አለች።

«እማዬ፣ የማይታዩት ስለሚያልፉ ነው እኮ።»

«አውቃለሁ» አለች። ስልኩን ግን አልዘጋችውም፤ ለብዙ ደቂቃ የውሃውን ድምፅ አብረን ሰማን።

እኔን የሸኘችኝ ግን ያ መቶ አራት በሞላ በሳምንቱ ነው። አውቶቡስ መናኸሪያው በተማሪና በሻንጣ ተጨናንቋል። ሌሎቹ እናቶች ያቅፋሉ፣ ፎቶ ያነሣሉ። የእኔዋ የጃኬቴን ዚፕ እስከ አንገቴ ዘጋችው፣ ጉንጬን በመዳፏ ያዘችው። እጇ ቀዝቃዛ ነበር።

«በይ ሂጂ» አለችኝ።

አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት አየኋት። ቀኝ እጇ ኮቷ ኪስ ውስጥ ነበር፤ መቁጠሪያው እዚያ እንዳለ አውቃለሁ። ከዓይኔ እስክትጠፋ ድረስ ያንን ኪስ አየሁት። ጣቷ አልተንቀሳቀሰም።