ብቻውን የሚበላው ሳጥን

ክሩን ያሰርኩት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። እናቴ ከፈተለችው ጥጥ ላይ የቆረጥኩት፣ ስንዝር የማይሞላ ነጭ ክር ነበር። ከጊታሩ ኬብሎች አንዱን መርጬ፣ የሚነቅለው ሰው ክሩን ሳይበጥስ መንቀል እንዳይችል አድርጌ ጠመጠምኩት። ከዚያ የምንለማመድበትን፣ ላሊበላ ያለውን የሆቴሉን ዕቃ ቤት ቆልፌ ወጣሁ። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ሁለት ነው፤ አንዱ እኔ ኪስ ውስጥ፣ ሌላው ጓደኛዬ ኪስ ውስጥ። ማንን ለመያዝ እንዳሰርኩት ግልጽ ነው።

ጓደኛዬ ጊታር ይጫወታል፤ እኔ በጊታሩ ላይ ግጥሜን አነባለሁ። እሱን ያስተማረው አጎቱ ነው፤ ድሮ ደሴ ባንድ ውስጥ ይጫወት የነበረ ሰው። እኔን ያስተማረኝ የለም። ግጥሙንም የኤሌክትሪኩንም ነገር ከስልኬና እንግዶች ትተዋቸው ከሚሄዱ መጻሕፍት ለቃቅሜ ነው የያዝኩት። ለቃቅሞ የተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ያልገባው ነገር ሲገጥመው “አልገባኝም” ከማለት “ሰው ሠራብኝ” ማለት ይቀለዋል።

የሆቴሉ ባለቤት በዚያው ሳምንት ጠርተውን ነበር።

“ቅዳሜ እንግዶች አሉኝ” አሉን። “ተጫወቱና ልስማችሁ። ካማረኝ በየቅዳሜው ትመጣላችሁ። ካላማረኝ የጋሸናውን ባለ ኪቦርድ አስጠራለሁ። እሱ እንደሆነ ብቻውን ባንድ ነው፤ ምሳ ግን የሚበላው የአንድ ሰው ነው።”

እስከዚያ ቀን ድረስ ግጥሜን የሰሙኝ ባጃጅ የሚጠብቁ ሰዎች ናቸው። ባጃጁ ሲመጣ ግጥሙ መሃል ላይ ይቀራል። ወንበር ላይ ተቀምጦ እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ ሰው የማገኘው ያ ቅዳሜ ከተሳካ ብቻ ነበር።

ያልተሳካው ደግሞ የፔዳሎቹ ነገር ነው። ፔዳል ማለት በእግር የሚረገጥ ትንሽ የብረት ሳጥን ነው፤ የጊታሩ ድምፅ በአንድ በኩል ገብቶ ተለውጦ በሌላ በኩል ይወጣል፤ ከዚያ በአጭር ኬብል ወደሚቀጥለው ሳጥን ይሻገራል። ሦስት ነበሩን። ሁለቱን ለእኔ ጥሎልኝ የሄደው አንድ እንግዳ ነው፤ አንደኛው የጊታሩ ክሮች መቃኘታቸውን ይናገራል፣ ሁለተኛው ድምፁን እንደ ገደል ማሚቶ ይመልሳል። ሦስተኛው የጓደኛዬ ነው። ቀለሙ ተገሽልጦ ያለቀ የአጎቱ ሳጥን፣ የጊታሩን ድምፅ ጉሮሮው እንደሻከረ ሽማግሌ የሚያደርግ።

የእኔዎቹ ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይግባባሉ። የእሱም ለብቻው ሲሆን ያጓራል። የእሱን ሳጥን በኬብል ከእኔዎቹ ጋር ባገናኘሁ ቁጥር ግን የሦስቱም መብራት ባንዴ ድርግም ብሎ ይጠፋል። ኬብል ቀየርኩ። ሶኬት ቀየርኩ። ያው ነው። ከሁሉ ያበሳጨኝ ባለፈው ሳምንት ሦስቱ አብረው ደህና አድርገው መሥራታቸው ነበር። ሲሠራ የነበረ ነገር ሰው ካልነካው ለምን ይቆማል?

በዚህ ላይ ረቡዕ ዕለት አንድ የማውቀው የባጃጅ ሹፌር መጣ። ሹፌሩ የማያየው ሰው የለም፣ ያየውንም የማይናገርበት ቀን የለም።

“ገጣሚው! ጓደኛህን ጋሸና ጥለኸው መጣህ እንዴ?”

“ጋሸና ምን ይሠራል እሱ?”

“እኔ ምን አውቄ! ባጃጄን ላሠራ ሄጄ ከባለ ኪቦርዱ ጋር ሻይ ሲጠጡ አየኋቸው። ወላሂ፣ በዓይኔ በብረቱ! ያውም ሲሳሳቁ።” ሞተሩን አስነስቶ ዞር አለ። “ምነው ፊትህ? ሻይ እኮ ነው ያልኩህ፣ ሠርግ አላልኩህም!”

ሳቅሁለት። ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የጓደኛዬን እጅ ማየት ጀመርኩ። ኬብል ሲሰካ አያለሁ። ሳጥኑን አንስቶ በጆሮው አጠገብ ሲያወዛውዝ አያለሁ። “ቆይ፣ ልሞክር” ሲለኝ ምን ሊሞክር ነው እላለሁ። ክሩም የመጣው ከዚህ ነው።

ዓርብ ጠዋት ቀድሜው ገባሁ። ክሩ የለም። ተበጥሶ እንኳ መሬት ላይ አልወደቀም፤ ጨርሶ የለም። ኬብሉ ግን እንደነበረ ተሰክቷል።

እውነቱን ለመናገር አልተናደድኩም። ደስ አለኝ። የጠረጠርኩት ልክ ሆነ ብዬ ነው። ከአትክልተኛው ብሎን መፍቻ ተዋስኩና ምን እንዳደረገበት ላይ ብዬ የእሱን ሳጥን ፈታሁ። እስከዚያ ቀን የሌላ ሰው ዕቃ ያለ ፈቃድ ከፍቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ ግን ምርመራ መሰለኝ።

ውስጡ ያልጠበቅሁት ነበር። አዲስ የተነካ ነገር የለም፤ አቧራውም እንደተኛ ነው። በአንድ ጥግ አራት ማዕዘን ባለ ዘጠኝ ቮልት ባትሪ ተቀምጧል፣ አፉ ዝጎ። ባትሪ እንዳለው እንኳ አላውቅም ነበር። ወረድ ብሎ ቀዩ ሽቦ ከሳጥኑ ገላ ጋር ተበይዷል። ይሄ ነገር ቆረቆረኝና ከእኔዎቹ አንዱን ፈታሁ። በእኔው ላይ ከገላው ጋር የተበየደው ጥቁሩ ነው።

ብዙ ቆየሁ፣ አንዱን በአንድ ጭኔ ሌላውን በሌላው አስቀምጬ። በእኔዎቹ ገላው ኔጋቲቭ ነው፤ በአሮጌው ገላው ፖዘቲቭ ነው። የጊታሩ ኬብል ደግሞ የአንዱን ገላ ከሌላው ገላ ጋር ያገናኛል። እያንዳንዱ የራሱን ኤሌክትሪክ ቢያገኝ ምንም አይሆኑም፤ ባለፈው ሳምንት አሮጌው ከባትሪው ነበር የሚበላው። ከሶኬት ተሰክቶ ሦስቱንም ከሚመግብ ከአንድ አዳፕተር ሲበሉ ግን ኬብሉ በተሰካ ቁጥር ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ፊት ለፊት ይጋጫሉ፤ አዳፕተሩም ሁሉንም ያጠፋል። ባለ ብዙ ጫፉን አዳፕተር ከወልድያ ያስመጣሁት እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለት። ከባለፈው ሳምንት ወዲህ የተለወጠው እሱ ብቻ ነበር።

ጓደኛዬ የዚያን ቀን የተናገረውም ትዝ አለኝ። አንዱን ጫፍ በሳጥኑ ላይ ልሰካ ስል “ተው” አለኝ። “አጎቴ ይሄ መነኩሴ ነው ይል ነበር፤ ከሰው ማዕድ አይቆርስም፣ ብቻውን ነው የሚበላው።” እኔም ሳቄን ለቅቄ “ይሄ ኤሌክትሪክ እንጂ ገዳም አይደለም” ብዬ ሰካሁት።

በሩ የተከፈተው ይኼን ሳስብ ነው። ጓደኛዬ ቆሞ ጭኔ ላይ ያለውን አየ። ብሎኖቹን አየ።

“አረድከው?” አለ።

“ሽቦው…” ብዬ ጀመርኩ።

“ሽቦውን ተወው።” ከኪሱ አዲስ ባትሪ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አቆመው። “ይህን ፍለጋ ነው ከተማውን ያዳረስኩት። ላሊበላ የለም። ጋሸና ሄጄ ነው ያመጣሁት። አንዲት ሱቅ ከዘይትና ከሳሙና ኋላ አንድ ብቻ ነበራት።”

“ከባለ ኪቦርዱ ጋርስ ሻይ የጠጣኸው?”

“ሹፌሩ ነገረህ።”

“ነገረኝ።”

“ጋበዘኝ፤ ጠጣሁ። አብረን እንሥራ አለኝ።”

“ምን አልከው?”

“ቅዳሜን ልየው አልኩት።” ከዚያ ከሸሚዙ ኪስ አንድ ነገር ቆንጥሮ አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠው። ክሬ ነበር፣ ተጠቅልሎ እንደ ትል። “ትናንት ማታ ባትሪውን ልቀይር መጥቼ ኬብሉን ስነቅል አገኘሁት፤ ሳጥኑን ሳልከፍት መልሼ ሰካሁት። እናቴ ከገበያ የገዛቻት ዶሮ ከጎረቤት ዶሮ እንዳትደባለቅ እግሯ ላይ ክር ታስራለች። እኔ ዶሮ ነኝ?”

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ፤ እኔ ግን ስለ ሽቦው ማስረዳቱን ቀጠልኩ፣ የአጎቱ ቃል ትክክል እንደነበር፣ ለምን ትክክል እንደሆነም። አዳመጠኝ። ባትሪውን ገጠመ፣ ክዳኑን ራሱ ዘጋ፣ እያንዳንዱን ብሎን ራሱ አጠበቀ። ከዚያ የእኔን መቃኛ ከፊት አንስቶ የእሱን ሳጥን በቦታው አስቀመጠ፣ ጊታሩ መጀመሪያ ወደ እሱ እንዲገባ።

“ታላቅ እያለ ታናሽ አይቀድምም” አለ።

መቃኛውን ከፊት ያስቀመጥኩት አዲስና የእኔ ስለሆነ ብቻ ነው። ሦስቱም መብራት በራ። የጊታሩን ክር ሲመታው ያ የሻከረ ድምፅ ወጣ፣ ከዚያ ማሚቶው ተቀበለው፤ የዕቃ ቤቱ መስኮት ተንቀጠቀጠ። ከኩሽና አንዲት ሴት “ምን ፈረሰ?” ብላ ጮኸች። እሱ ሳቀ። ወደ እኔ ግን አላየም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሰባት እንግዶችና የሆቴሉ ባለቤት ተቀምጠው ሰሙን። እስከ መጨረሻው። አንድም ሰው ለባጃጅ አልተነሳም። ስንጨርስ የሆቴሉ ባለቤት ነጠላቸውን አስተካክለው “በሉ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ በሰዓታችሁ” አሉን። “ያንን የሚያጓራውን ግን ትንሽ ቀንሱልኝ፣ እንግዶቹ ሾርባቸውን ይዘው ደነገጡ።”

ዕቃ ቤት ገብተን ኬብሎቹን ጠቀለልን። እስከዚያ ሳምንት ድረስ ሦስቱም ሳጥኖች የሚያድሩት እዚያው ነበር። ጓደኛዬ የእሱን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ።

“እዚህ አይቀመጥም?” አልኩት።

“ባትሪው ያልቅብኛል።”

ባትሪው የሚያልቀው የጊታሩ ኬብል ተሰክቶ ከቀረ ብቻ ነው። ኬብሉን አሁን በገዛ እጁ ነቅሎታል። ይህን አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል።

ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው እንጫወታለን። ለባለ ኪቦርዱ ምን እንደመለሰለት አልነገረኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ቀድሜው ደርሼ በሩን እያየሁ እጠብቃለሁ። ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሳይሆን ቦርሳውን ነው። ፎጣውን ፈትቶ ሳጥኑን መሬት ላይ ሲያስቀምጥ ሳላይ ግጥሜን ከኪሴ አላወጣም።