የመሪጌታ ቀለመ ወርቅ ዕጢ

መሪጌታ ቀለመ ወርቅ በቤተ ልሔም ደብር ሠላሳ ዓመት ዜማ ሲመሩ ድምፃቸው አንድም ቀን አልከዳቸውም። በስድሳ ስምንት ዓመታቸው የከዳቸው ፊኛቸው ነው። ቅዳሴው ሳይጋመስ ጋቢያቸውን ሰብስበው ይወጣሉ፤ ከቅጥሩ ጥግ ቆመው ጠብ ጠብ ያደርጋሉ፤ የወጣ አይመለስምና ደጅ ይቀራሉ። ውስጥ ተከታያቸው መሪጌታ ዳኘው ቦታቸው ላይ ቆሞ ጉሮሮውን ይጠርጋል።

በጥምቀት ሰሞን የደብሩ አለቃ እንየው ቁርጡን ነገሯቸው። «ሆሣዕናን እስከ መጨረሻው ካልቆሙ መሪነቱ ለዳኘው ነው።»

ሚስታቸው ሐረገ ወይን የገብስ ውኃ አጠጣቻቸው፤ ይብሱን ሮጡ። ንፋስ መውጫ ከተማ ያለው ድሬሰር ሙላት ግን በቀጭን የላስቲክ ቱቦ አንድ ቅል ሙሉ ሽንት ቀዳላቸው።

«የኔታ፣ ከፊኛዎ በታች ያለችው ዕጢ አብጣ መንገዱን አንቃዋለች። ጎንደር ይሂዱ፤ ሐኪሙ ይቀንሳታል።»

«ኦሪት ብልቱን የተቆረጠን ከጉባኤ ትለያለች» አሉ መሪጌታ። «ሳልቆረጥ ደጅ ብቆም ይሻለኛል።»

«እስከ ዛሬ ጉባኤ የሚገቡት በእሱ ኖሯል?» አለች ሐረገ ወይንና በቅሎ ልትለምን ወጣች።

ኮርቻው ላይ ጋቢ ተደርቦ፣ በየቁጥቋጦው እየወረዱ ደብረ ታቦር ደረሱ፤ ከዚያ በመኪና ጎንደር። ፈረንጁ ሐኪም በአስተርጓሚ አስረዳቸው። ሆድም ብልትም አይቀደድም፤ ጫፉ ላይ መብራት ያለው ቀጭን ዘንግ በሽንቱ መንገድ ገብቶ ያበጠውን ከውስጥ ይፍቃል።

መሪጌታ ወደ አስተርጓሚው ዞሩ።

«መብራት አለው?»

«አለው።»

«ዕድሜ ልኬን ‹ውስጤን አብራልኝ› ብዬ ጸልያለሁ። በየት በኩል እንደሆነ አለመናገሬ የራሴ ጥፋት ነው። ይግባ።»

ከወገባቸው በታች አደንዝዘው ፋቁላቸው። በመጀመሪያው ቀን ቀይ ወጣ፣ በአራተኛው ጠጅ መሰለ፣ በሳምንቱ እንደ ምንጭ ጠራ።

ሆሣዕና ዕለት ዘንባባ ይዘው ቆሙ። ዳኘው ዓይኑን ከእግራቸው አልነቀለም፤ አንዴ አቋቋማቸውን ሲያስተካክሉ ጉሮሮውን ጠረገ። ወንጌሉ ተነበበ፣ ቁርባኑ ወጣ፣ ሕዝቡ በሰላም ግቡ ተባለ፤ መሪጌታ እዚያው ናቸው። ወጥተውም አልሮጡም። የአለቃን መስቀል ተሳለሙ፤ የዳኘውን የበግ ግልገሎች ደኅንነት አንድ በአንድ ጠየቁ።

ከዚያ ከቅጥሩ ኋላ ዞሩ። ሐረገ ወይን ነጠላዋን ዘርግታ ከለለቻቸው፤ ሳይቆራረጥ ሲፈስ ሰማች።

«ምን ትስቂያለሽ?»

«ዳኘው ብዙ ሊጠብቅ ነው ብዬ።»