ስልሳ ስምንት ኪሎ የሚመዝነው መኪና

አርዲት ኮዋልቹክ ፕሮግራም ጻፊ የሆነችው ኮሌጅ ልትመዘገብ ስትሄድ የሬዲዮ ጥገናው ክፍል ሞልቶባት ነው። ከዚያ በፊት ብራንደን ከተማ ዳር ባለው የእህል ጎተራ፣ ሚዛን ላይ ተቀምጣ አሥራ አንድ ዓመት የገበሬውን የጭነት መኪና ስትመዝን ኖራለች። ስለ መኪና ክብደት ለአርዲት የሚነግራት ሰው አልተወለደም። ከመንገድ ማዶ አየት አድርጋ «ሁለት ሺህ አንድ መቶ፤ ሰውዬው ቁርስ ከበላ ትንሽ ከፍ ይላል» ትላለች። አትስትም።

እኔ አብሬያት ስሠራ ሽቦ ቀጣይ ነበርኩ። ፋብሪካችን የመኪና ማጠቢያ ማሽን ይሠራል። ኋላ ላይ ሎርን ፍሪሰን የሚባለው ባልደረባችን የውሻ ማጠቢያ ገንዳ ጨመረበት፤ ሰው መኪናውን በአንዱ በር፣ ውሻውን በሌላው በር አስገብቶ ሁለቱንም አሳጥቦ እንዲሄድ። ሁለቱም የገባባቸውን ከሥር ባለ የሚዛን ሰሌዳ ይመዝናሉ፤ የሚታዘዙትም ከአንድ የመቆጣጠሪያ ሳጥን ነው። የመኪናውን ፕሮግራም የጻፈችው አርዲት፣ የውሻውን ሎርን ነው።

አንድ ዓመት መጋቢት ላይ የመኪናው ብሩሽ አመል አወጣ። መኪናው ታጥቦ ከወጣ በኋላም አይቆምም፤ አየር ሲፈትግ ይውላል። ዶፊን ከሚባል ከተማ የሚመጡ ገዢዎች ደግሞ ሐሙስ ሊያዩት ተቀጣጥረዋል። ሰኞ ጠዋት አርዲት ኮምፒውተሯን ከሳጥኑ ጋር አገናኝታ ስህተት መፈለጊያውን ከፈተች። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ከተጠረጠረው መስመር ጎን ቀይ ነጥብ ይደረጋል፣ ፕሮግራሙ እዚያ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆምና በሆዱ የያዘውን ያሳያል። «ብሩሽ» የሚለውን ፋይሏን ከፍታ ሰማንያ ስምንተኛው መስመር ላይ ነጥቧን አደረገች። የኔን መኪና አስገባን።

ስክሪኑ «ቆሟል» አለ። ብሩሹ ግን መሽከርከሩን አልተወም። ክብደት በሚለው ቦታ ላይ የተጻፈው ስልሳ ስምንት ኪሎ ነው።

«ይሄ መኪና ነው ወይስ የኬክ ካርቶን?» አለችኝ።

«የኔ መኪና ነው።»

«እሱን አውቃለሁ። እየሰደብኩህ አይደለም፣ እየጠየቅኩህ ነው።»

የሎርንን ፒካፕ አስገባን። ስልሳ ስምንት። ማክሰኞ የአጎቷን ልጅ ለምና የከተማውን የበረዶ መጥረጊያ መኪና አስመጣች፤ ጎማው ብቻ ከኔ ይረዝማል። ስልሳ ስምንት። አስወጥታ ባዶውን ሞከረችው። አየሩም ስልሳ ስምንት ኪሎ መዘነ። የሚዛኑን ሰሌዳ አብረን ነቀልን፣ አጸዳን፣ መልሰን ገጠምን። ዓይኗን ተጠራጥራ የድሮ መነጽሯን ከመሳቢያ አውጥታ አደረገች። ያው ነው።

በአዳራሹ ሌላ ጫፍ ሎርንም የራሱን መከራ ያያል። ፔሮጊ የሚባል ጥጃ የሚያክል ጥቁር ውሻ አለው፤ ገንዳውን የሚፈትሸው በሱ ነው። ውሻው ከጆሮው እስከ ጭራው አረፋ ከሆነ በኋላ ገንዳው ድንገት ቀጥ ይላል። ሎርን ፓምፑን ቀየረ፣ ቱቦውን ቀየረ፣ በመጨረሻ የውሻውን ጸጉር መውቀስ ጀመረ።

«እትዬ አርዲት፣ ገንዳዬ ደግሞ ቆመ!»

«አንተ ሰውዬ፣ እኔ እዚህ የበረዶ መጥረጊያ እንደ ላባ ቀሎብኛል፤ ስለ ውሻ አታውራኝ!»

«ይበርደዋል እኮ!»

«ሹራብ አልብሰዋ!»

ሎርን ቀልድ አያውቅም። አለበሰው።

ረቡዕ ሻይ ሰዓት ላይ ሎርን ባለሹራቡን ውሻ እግሩ ሥር አስተኝቶ የእንስሳት ሐኪሙን ያማልኛል። «ወፍሯል አለኝ! ስልሳ ስምንት ኪሎ መዝኖ ወፍሯል ይባላል? አጥንቱ ነው እንጂ!»

አርዲት ዶናቷን እንደጎረሰች ቀረች።

«ስንት አልክ?»

«ስልሳ ስምንት። ግን አጥንቱ...»

«ተነስ። ውሻውን ገንዳ ውስጥ አስገባ።»

«ዛሬ አራተኛው ነው! ቆዳው ሊላጥ ነው!»

«አስገባ አልኩህ!»

አስገባው። አርዲት ቀዩን ነጥብ አነሳች፤ ውሃው ፈሰሰ። ነጥቡን መለሰች፤ ውሃው ቆመ። አነሳች፣ ፈሰሰ። መለሰች፣ ቆመ። ፔሮጊ አንዴ እሷን አንዴ ጌታውን እያየ በረጅሙ አላዘነ።

«ሎርን፣ የገንዳህ ፋይል ስሙ ማን ነው?»

ሎርን ማጅራቱን አከከ። «ብሩሽ።»

«ብሩሽ?»

«ካንቺው ገልብጬ ነው የጀመርኩት። ግን ሌላ ፎልደር ውስጥ ነው ያለው!»

ስህተት መፈለጊያው ለካ ስም እንጂ ፎልደር አያይም። አርዲት የመኪናው ፋይል ላይ ያደረገችውን ነጥብ ወስዶ የውሻው ላይ ይለጥፋል፤ ከዚያ ገንዳው መጨረሻ የመዘነውን፣ የውሻውን ቁጥር፣ በሷ ገጽ ላይ ያሳያታል።

«ሦስት ቀን ሙሉ ውሻህን ነው ስመረምር የከረምኩት?»

«እኔስ? ደህና ፓምፕ አውጥቼ ጥያለሁ!»

አርዲት ባልዲ ገልብጣ ተቀመጠችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

የሎርን ፋይል «የውሻ ብሩሽ» ተባለ። ነጥቡም ቦታውን አገኘና የኔ መኪና አንድ ሺህ ሁለት መቶ አርባ መዘነ። ስህተቱ የተገኘው በአሥር ደቂቃ ነው። ብሩሹ እንዲቆም የታዘዘው ክብደቱ ዜሮ ሲሆን ብቻ ነበር። በመጋቢት ግን መኪናው ቢወጣም ጭቃውና የሟሟው በረዶ ሰሌዳው ላይ ይቀራል፤ ዜሮ የሚባል ነገር የለም። ያንን መስመር የጻፈችው ራሷ አርዲት ናት።

«አሥራ አንድ ዓመት ሚዛን ላይ ተቀምጠሽ ጭቃ ትረሺ?» አላት ሎርን።

«ዝም በል፣ ውሻህን አድርቅ።»

ሐሙስ እንግዶቹ መጡ። ብሩሹ በሰዓቱ ቆመ። ገንዳውን እንይ ሲሉ ግን ፔሮጊ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ እንቢ አለ፤ አራት ሰው ሊያነሳው አልቻለም። ከእንግዶቹ አንዷ፣ ዶሪን የሚሏት በግ አርቢ፣ ባዶውን ገንዳ ዞራ አየችና «በግ ይችላል?» አለች።

ሎርን አፉን ሳይከፍት አርዲት «እንዴታ!» አለች።

ሁለቱንም ገዙን፤ በሚያዝያ ልንገጥምላቸው ዶፊን ወረድን። ዶሪን የመጀመሪያ ደንበኛ ብላ አውራ በግ እየጎተተች አመጣች። በጉ እንደ ጥጥ ነጭ ሆኖ፣ እንደ እሳት ተቆጥቶ ወጣና አርዲትን ማባረር ጀመረ። አርዲት በስልሳ ዓመቷ አጥር ላይ ስትወጣ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ሎርን! አጥፋው!» ትላለች ከላይ ሆና።

«እትዬ፣ በግ በምን ይጠፋል?»